ጥያቄና መልስ፦ የሩዝ አረም የሚያዘው በሐምሌ ነው

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የዚህ ወር ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጡት ከጣና ዳር ወረዳዎች፣ ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከምና ከደራ ነው፣ ከሩቅ አገር የጻፉልንም አሉ፣ ሁሉም የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር ነው፣ ስለ አረም። እኔም ያደኩት ጉማራ ወንዝ ዳር ነው፣ እናቴ ታናሼን አዝላ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስታርም እያየሁ፣ በኋላም ልማት ሰራተኛ ሆኜ ስንት ክረምት ማሳ ለማሳ ዞሬያለሁ፣ ስለዚ ጥያቄያችሁን ሳነብ ጀርባዬን ነው ያመመኝ። በሉ እንግባ።

ሁለት ጥማድ ላይ በብተና ነው የምዘራው፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ዘራሁ። ሐምሌ መጨረሻ አንዴ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ሁለቴ አረምኩ። መስከረም ላይ ሳየው ግን ማሳው ግማሹ ሳር ሆኖ ዛላ አውጥቷል። ሶስት ጊዜ አርሜ እንዴት አመለጠኝ? (ከወረታ አካባቢ)

ወንድሜ፣ ያመለጠህ ስለሰነፍክ አይደለም፣ ሶስት ጊዜ ያረመ ሰው ሰነፍ አይባልም። ያመለጠህ በሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ቀኑ ነው። ሰኔ አጋማሽ ዘርተህ ሐምሌ መጨረሻ የመጀመሪያውን ካረምክ እኮ ከተዘራ ስድስት ሳምንት አለፈው ማለት ነው። ሩዝ ልጅ ሆኖ በጣም ደካማ ነው፣ ቅጠሉ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ብርሃኑንም ማዳበሪያውንም አረሙ ነው የሚወስድበት፣ እና ከበቀለ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ያለው ጊዜ ነው ምርቱ የሚወሰነው ብል አላጋነንኩም። ከዛ በኋላ ብታርም ማሳው ንጹህ ይመስላል እንጂ ሩዙ ማብዛት የነበረበትን ቁጥቋጥ፣ ከስሩ የሚያወጣውን ተጨማሪ ግንድ ማለቴ ነው፣ ሳያበዛ ቀርቷል፣ ያንን ደሞ ማንም አይመልሰውም። የመጀመሪያው አረም ከበቀለ ሁለት ሶስት ሳምንት ላይ መሆን አለበት፣ ማለትም በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንታት፣ አረሙ ትንሽ ሆኖ "ይሄ ምን ያደርጋል" ስትለው ማለት ነው። ሁለተኛው ከሱ ሶስት ሳምንት ያህል ቆይቶ። እነዚህ ሁለቱ በጊዜያቸው ከሆኑ ሶስተኛው የቀረ የቀረውን መልቀም ብቻ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሰራል።

ሁለተኛው ደግሞ ሩዝ መሳዩ ሳር ነው። ይሄ ሳር ልጅ ሆኖ ቁርጥ ሩዝ ነው፣ ልምድ ያለው አራሚ እንኳን ይዘለዋል፣ አንዳንዴም ሩዙ ተነቅሎ እሱ ይቀራል፣ ዛላ ሲያወጣ ነው ጉድ የሚታየው፣ ያኔ ደሞ ዘሩ ሊረግፍ ደርሷል፣ አንዱ ተክል ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዘር ነው የሚያራግፈው። መለያውን ልንገርህ፣ ልጆችህንም አስተምራቸው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያዝና ቅጠሉን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው። ሩዝ ከሆነ እዛች መጋጠሚያ ላይ ስስ ነጭ ምላስ የመሰለች ነገር ታያለህ፣ ከጎኗም ትንንሽ ጸጉራም ጆሮዎች አሉ። ሳሩ ጋ ግን ምላስም የለም ጆሮም የለም፣ ባዶ ለስላሳ ነው። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ እያየህ ብትሰራ በሚቀጥለው ቀን አይንህ ራሱ ይለየዋል።

እና ደግሞ ሁሉንም አረም በአንድ ስም አትጥራው፣ መፍትሄው ይለያያላ። ሳር አለ፣ ቅጠለ ሰፊ አለ እንደ ውሃ አንቁር ያለው፣ እንግጫና ዘመዶቹ ደግሞ አሉ። እንግጫን በጣትህ መሃል ግንዱን ብታሽከረክረው ሶስት ማዕዘን መሆኑ ይሰማሃል፣ ሳር ግን ክብ ነው። እንግጫ በላይ ብትነቅለው ከታች እንደ ሽምብራ ፍሬ የመሰሉ እንቡጦች መሬት ውስጥ ይቀራሉ፣ ከያንዳንዱ አዲስ ይወጣል፣ ስለዚ እሱን የሚያዳክመው ተደጋጋሚ እርሻ በበጋ ነው፣ እንቡጦቹ ጸሃይ ላይ ወጥተው እንዲደርቁ።

ለሚቀጥለው አመት ግን ከዘር በፊት ያለውን ስራ አስብበት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እረሰውና ተወው፣ አረሙ እሺ ብሎ ይብቀል፣ ከዛ መልሰህ እረሰው። አንድ ሺ አረም ከማሳው ውስጥ በእጅ ከመልቀም ሳይዘራ በፊት በበሬ መገልበጥ ይቀላል። ማሳውን ደግሞ ደልድለው። ሩዝ ውሃ ላይ ቆሞ የሚኖረው አየር በግንዱ ወደ ስሩ ስለሚያወርድ ነው፣ አብዛኛው የአረም ዘር ግን ውሃ ስር አየር አጥቶ አይበቅልም፣ ስለዚ ሩዙ ከጠነከረ በኋላ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ማሳው ላይ ቢተኛ ካንተ በላይ የሚያርምልህ ውሃው ነው። ችግሩ ማሳው ጉብታ ካለው ጉብታው ከውሃ ይወጣል፣ አረሙም እዛው ይጀምራል። ጠርዙን በአፈር ከፍ አድርገህ ዙሪያውን ከልለው፣ ውሃው አይሽሽ።

ጥያቄዬ ስለ ጉልበት ነው። እኛ ቤት አራሚው እኔና ልጆቼ ነን። ክረምቱን ትምህርት ስለሌለ ይረዱኛል፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግን ማሳው ገና አላለቀም፣ ወይ ልጆቹን ማስቀረት ወይ አረሙን መተው ነው። ደቦ እንዳልጠራ ጠላውና እንጀራው አቅሜን ይፈትናል። ባለሙያዎች በመስመር ዝሩ ይሉናል፣ በመስመር ለመዝራትስ ሰው የት አለ? (ከሊቦ ከምከም)

እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ብዙ ቆየሁ። አረም የሴትና የልጅ ስራ ተብሎ ተትቶ ኖሮ ቀን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የምትቆመው፣ አልቅቱ የሚይዛት፣ ወገቧ የሚጎብጠው እሷ ሆና ሳለ ስለ ዘሩ አዘራር፣ ስለ መድሃኒቱ ግዢ ሲወሰን ግን አትጠየቅም። እኔ ልማት ሰራተኛ ሆኜ ስልጠና ስንሰጥ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ወንዶቹ ነበሩ፣ አራሚዎቹ ማሳ ላይ። ይሄ ትክክል አልነበረም፣ አሁንም አይደለም። ባለቤትሽ ይህን ገጽ እንዲያነበው ስጪው፣ ሐምሌ ላይ አስር ቀን ወርዶ ቢያርም ምርቱ የሱም ነው።

አሁን ስለ መስመሩ። እውነትሽን ነው፣ መስመር ሰኔ ላይ ጉልበት ይበላል፣ ይህን የሚደብቅሽ ባለሙያ ካለ ልክ አይደለም። ግን ሰኔ ላይ የበላውን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይመልሳል፣ ምክንያቱም በብተና የተዘራ ማሳ ውስጥ እግርሽን የምታሳርፊበት ቦታ የለም፣ እያንዳንዱን አረም ከሩዝ ለይተሽ ነው የምትነቅይው፣ በመስመር ሲሆን ግን ከመስመር ውጪ የበቀለ ነገር ሁሉ አረም ነው፣ ማሰብ እንኳን አያስፈልግም፣ ልጅም ቢሆን አይሳሳትም። ያንን ሩዝ መሳይ ሳር ከላይ ያወራሁለትን እንኳን ቦታው ብቻ ያጋልጠዋል።

ችግኝ አፍልቶ መትከል ከተቻለ ደግሞ ይበልጣል። ሶስት ሳምንት የሆነው ችግኝ ጭቃ ተደርጎ በታረሰ መሬት ላይ ሲተከል ከአረሙ ሶስት ሳምንት ቀድሞ ነው የሚነሳው፣ ውሃም ወዲያው ማስተኛት ይቻላል። ስለዚ እኔ የምልሽ ደቦሽን ከአረም ወደ ተከላ አዙሪው። ያው ጠላ፣ ያው እንጀራ፣ ግን ለአንድ ጊዜ። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ድግሱም ይቀራል፣ አንቺ ለጎረቤትሽ ጎረቤትሽ ላንቺ። ሁሉንም ማሳ በአንዴ አትንኪው፣ ግማሽ ጥማድ ብቻ በመስመር ሞክሪና ስንት ቀን እንደፈጀብሽ ከብተናው ጋር አወዳድሪ፣ የራስሽ ማሳ ከኔ ወሬ በላይ ያሳምንሻል።

መስመር ካለ በእጅ የሚገፋ ማረሚያም ይሰራልሻል። ጥርስ ያላቸው ተሽከርካሪ ብረቶች ያሉት ነገር ነው፣ በሁለት መስመር መሃል ወደፊት ወደኋላ እየገፋሽ ትሄጃለሽ፣ አረሙን ነቅሎ ጭቃ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ነው የምትሰሪው። በመስመሮቹ መሃል ሃያ ሴንቲ ሜትር ወይ ትንሽ በለጥ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፣ ማሳው ላይ ደግሞ ስስ ውሃ መኖር አለበት፣ ምክንያቱም የኛ ጥቁር አፈር ሳይረጥብ ከሆነ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ከተተከለ ሁለት ሶስት ሳምንት ላይ ጀምረሽ በየአስር አስራ አምስት ቀኑ ብትገፊው እዛው ሩዙ ስር የቀረውን ብቻ በእጅ ትለቅሚያለሽ። ብረት በያጆች ናሙና ካዩ ይሰሩታል፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሚገዛው አምስት ስድስት ቤት ተዋጥቶ በተራ ቢጠቀምበት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዩሪያ ከአረም በፊት አትበትኚ። መጀመሪያ አርሚ፣ ከዛ በትኚ። ካልሆነ በውድ የተገዛውን ማዳበሪያ አረሙን ነው የምታበይው።

ገበያ ላይ በሀይላንድ የተቀዳ ቱፎርዲ የሚባል የአረም መድሃኒት ገዝቼ ረጨሁ፣ ሳሩ ምንም አልሆነም። ጎረቤቴ ደግሞ ፕሮፓኒል የሚል መድሃኒት አግኝቶ ከተባይ መድሃኒት ጋር ቀላቅሎ ረጨና ሩዙ እሳት እንደበላው ሆነ። መድሃኒት ይጠቅማል ወይስ ያጠፋል? (ከደራ)

የሁለታችሁም ጥፋት የመድሃኒቱ ሳይሆን ያለመለየት ነው። ቱፎርዲ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውንና የእንግጫን ዘር ነው፣ ሳርን አይነካም፣ ሩዝም ሳር ስለሆነ ነው ከሱ የሚተርፈው፣ ታዲያ ሩዙን ያልነካ መድሃኒት የሩዙን ዘመድ እንዴት ይንካ። ሰውየው ሲሸጥልህ ይህን ሊነግርህ ይገባ ነበር፣ ግን በሀይላንድ የሚቀዳ ሰው መለያ ወረቀት የለውም፣ ውስጡ ያለው ቱፎርዲ መሆኑንስ በምን አወቅህ፣ ስንት ውሃ እንደተጨመረበትስ? በሀይላንድ የተቀዳ መድሃኒት አትግዙ፣ ደግሜ ደጋግሜ ነው የምለው፣ ልጅ ውሃ መስሎት ቢጠጣውስ?

ቱፎርዲን ለመርጨትም ጊዜ አለው። ሩዙ ገና ሲበቅል ወይም ዛላ ሊያወጣ ሆዱ ሲነፋ ከተረጨ ሩዙን ራሱን ይጎዳዋል፣ ቁጥቋጥ እያበዛ ባለበት መሃል ላይ ነው የሚረጨው። ንፋስ ካለ ደግሞ ጎረቤት ያለው ኑግ ወይ ቲማቲም ላይ ሄዶ ያጠወልገዋል፣ በዚህ የተጣላ ስንት ጎረቤት አስታርቄያለሁ። ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ፣ ዝናብ የማይመጣበት ሰዓት ተመርጦ ነው። ማሳው ላይ ውሃ ካለ ቀደም ብሎ ይጠንፈፍ፣ የአረሙ ቅጠል ከውሃ ካልወጣ መድሃኒቱ አያገኘውም፣ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ ውሃውን ትመልሳለህ።

የጎረቤትህ ጉዳይ ደግሞ የሚገርም ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፕሮፓኒል ሳርን ይገድላል፣ ሩዝን የማይገድለው ሩዝ ውስጡ ይህን መርዝ የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለው ነው። እንደ ማላታይን ያሉ የተባይ መድሃኒቶች ግን ያንን ኢንዛይም ያስሩታል፣ ሩዙ መከላከያውን ያጣል፣ ልክ እንደ ሳሩ ይቃጠላል። ስለዚ ሁለቱ አይቀላቀሉም ብቻ ሳይሆን በተቀራረቡ ቀናትም አይረጩም፣ ስንት ቀን እንደሚራራቁ መለያው ላይ ይጻፋል። ለስንዴ የተገዛ ፓላስም ተርፎኛል ብላችሁ ሩዝ ላይ አትሞክሩ፣ የሚረጨው በመለያው ላይ ለተጻፈው ሰብል ብቻ ነው።

መጠኑንም በቆርኪ አትለኩ። መለያው ለምሳሌ በሄክታር 1 ሊትር በ200 ሊትር ውሃ ካለ፣ 16 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 80 ሚሊ ሊትር ነው የሚገባው። ግን 200 ሊትሩ በእውነት አንድ ሄክታር ማለትም አራት ጥማድ እንደሚያዳርስልህ መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ብቻ ረጭተህ ሞክረው፣ አንዱ ቶሎ ይራመዳል ሌላው ቀስ ይላል። ከተረጨ ማሳ የታጨደ ሳር ለላም አይሰጥም፣ መለያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ። እኛ ጋ አረሙ የከብት መኖ ስለሆነ ይሄ በጣም ነው የሚያሳስበኝ፣ የፎገራ ላም ወተቷን ለልጅ ነው የምትሰጠው።

ጠቅለል አርጌ "ይጠቅማል ወይ" ላልከው፣ አዎ ይጠቅማል፣ ግን ማሳው ሳይደለደል፣ ውሃው ሳይያዝ፣ አረሙ ሳይለይ የሚረጭ መድሃኒት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የትኛው ለሩዝ እንደተመዘገበ ሱቅ ከመሄድህ በፊት የወረዳህን ግብርና ጽህፈት ቤት ወይ ወረታ ያለውን የሩዝ ምርምር ማዕከል ጠይቅ።

ማሳዬ ውስጥ ጺም ያለው፣ ሳይበስል ፍሬው የሚረግፍ ሩዝ አለ። ብነቅለው ተመልሶ ይበቅላል። ዘሩ ተበላሽቶ ነው ወይ? (ከፎገራ፣ ሻጋ አካባቢ)

ዘሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ይሄ የዱር ሩዝ ነው፣ ከናንተ በፊት እዛ የነበረ ነው። እንዲያውም ፎገራ ለሩዝ የታሰበው ረግረጉ ላይ ይሄ የዱር ሩዝ በቅሎ ስለታየ ነው፣ የዱሩ ከበቀለ የቤቱም ይበቅላል ተብሎ፣ ከዛ በደርግ ጊዜ ጅግናና ሻጋ ህብረት ስራ ማህበራት ላይ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ስራው ተጀመረ፣ ኤክስ ጅግና የምትሉት ዘርም ስሙን ያገኘው ከዛ ነው። መንገድ ያሳየው ሳር አሁን አረም ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ከባድ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። መሬት ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ስር አለው እንደ ሰርዶ፣ ስለዚ ከላይ ብትነቅለው ከታች ይመለሳል። ሌላው፣ ሩዝ ስለሆነ ሩዙን የማይነካ መድሃኒት እሱንም አይነካውም። የሚቀረው እርሻና አይን ነው። ሩዙ ከተነሳ በኋላ ሽምብራ ወይ ጓያ የማትዘራበትን ክፍል በበጋ በጥልቀት እረሰው፣ ስሩን አውጥተህ ጸሃይ ላይ ይድረቅ፣ ለቅመህ አቃጥለው። ጺሙ ብቅ ሲል ፍሬው ሳይረግፍ ቁረጠው፣ አንድ ሳምንት ከዘገየህ የሚቀጥለውን አመት ዘርተህለታል። ከዚህ ማሳ ደግሞ ለዘር የሚሆን ሩዝ አትያዝ፣ ለጎረቤትም አታበድር።

እኔ ያለሁት ሳክራሜንቶ ነው፣ ካሊፎርኒያ። ከከተማ ወጣ ስል የሩዝ ማሳ አያለሁ፣ ውሃ ሞልተው ዘሩን በአውሮፕላን ነው የሚበትኑት፣ አንድ ሰው ሲያርም አይቼ አላውቅም። አዲስ ዘመን ለሚያርሰው ወንድሜ ከዚህ መድሃኒት ብልክለት?

ወንድምህን ማሰብህ ደስ ይላል፣ መድሃኒቱን ግን አትላክ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበ ጸረ አረም ማስገባት በህግ የተከለከለ ነው፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ለዚሁ ነው፣ ከህጉም በላይ መለያው በእንግሊዝኛ የሆነ መርዝ ገጠር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አስበው።

ያየኸው የአውሮፕላን ዘር ግን ታሪኩ የአረም ታሪክ ነው። እነሱም ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በደረቅ መሬት ሲዘሩ ያ ሩዝ መሳዩ ሳር አሸነፋቸው፣ እና እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ ውሃ ቀድሞ ሞልቶ የተነከረ ዘር ከላይ መበተን ጀመሩ፣ ሳሩን ውሃው እንዲይዝላቸው። ሰራላቸው፣ ግን ውሃ የሚወዱ አረሞች ቦታውን ያዙ፣ ለነሱ ደግሞ መድሃኒት መጣ፣ አንድ አይነት መድሃኒት በየአመቱ ሲረጭ ጥቂት አመት ሳይቆይ የማይሞቱ አረሞች ተፈጠሩ፣ እስካሁንም እየታገሉ ነው። ከዚህ ወንድምህ የሚወስደው መድሃኒቱን ሳይሆን መሬት መደልደሉንና ውሃ መያዙን ነው። መላክ ከፈለግክ ለሚገፋ ማረሚያ ወይም ለተከላ ሰሞን ለቀን ሰራተኛ የሚሆን ብር ላክለት፣ ሰኔ ሳይገባ።

ፓዌ ነኝ፣ ዳገታማ ቦታ ላይ የምዘራውን ሩዝ አቀንጭራ ገባበት። ማሽላ ላይ ብቻ አልነበረም እንዴ?

አይ፣ አቀንጭራ የሰብል ስር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው፣ በዝናብ ብቻ የሚበቅለውን የደረቅ መሬት ሩዝም ይይዛል፣ ውሃ የሚተኛበት ላይ ግን አይኖርም። ሀምራዊ አበባውን ስታየው ጉዳቱን ከመሬት በታች ጨርሷል፣ ቢሆንም አበባው ዘር ሳይቋጥር ንቀለው፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ከአስር አመት በላይ ይቆያልና። ማሳውን ለአንድ ሁለት አመት አኩሪ አተር አርገው። የአኩሪ አተር ስር ዘሩን እንዲበቅል ይቀሰቅሰዋል፣ ግን ሊጣበቅበት ስለማይችል ይሞታል። መልሰህ ማሽላ ካደረግህበት ግን ከዜሮ ትጀምራለህ።

ጎርፍ እምቦጭ ከጣና ወደ ማሳችን አመጣብን። ለኮምፖስት ይሆናል ይላሉ፣ እውነት ነው? (ከፎገራ፣ ሐይቁ ዳር)

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ በ2011 ነው፣ ያን ጊዜ ትንሽ ነበር፣ ዛሬ ያለበትን እናንተ ታውቁታላችሁ። ማሳ ውስጥ ከገባ ሩዙን ከላይ ይጋርደዋል፣ ስለዚ ጎርፉ እንደሸሸ ሳትውሉ ሳታድሩ ከማሳው አውጡት፣ ከተቆረጠ ቁራጭ እንኳን አዲስ ስለሚያወጣ እየቆራረጣችሁ ውሃ ላይ አትተዉት። ወደ ቦይም ወደ ወንዝም አትመልሱት። ለኮምፖስት ላላችሁት፣ ያላበበው ከሆነና በደንብ ከሞቀ ክምር ውስጥ ከገባ ይሆናል፣ ያበበውን ግን እኔ አልመክርም፣ ዘሩ ለብዙ አመት ተኝቶ ይቆያልና ማዳበሪያ ብላችሁ ማሳው ላይ ትበትኑታላችሁ። ያበበውን ከውሃ ርቆ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ ዘርጉት፣ ሲደርቅ አቃጥሉት።